ልዩ ልዩ ወጪ

እኛ ድሬ ላይ "አንቱ" የሚባል አናውቅም፤
ከንቲባው ይሁን ሊስትሮው፣ አፋችን አይመርጥም፤
በ"አንተ" ጀምረን ነው በ"አንተ" የምንጨርስ፣
ከቀፊራ ገበያ እስከ ከዚራ ድረስ።
ደብዳቤ ስጽፍ ብቻ፣ በወር አንድ ቀን፣
"ክቡርነትዎ" እላለሁ፣ አስጎንብሼ ብዕሬን።

ሂሳብ ያዥ ነኝ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጪ ከገቢ ስለካ።
ከሰሉ፣ ጆንያው፣ ናፍጣው፣ የመኪናው ጎማ፣
ሁሉም ስም አለው፣ ሲጠሩት የሚሰማ።
አንዱ ብቻ ነው ስሙን ደብቆ የሚኖር፣
ስድሳ አንድ ቁጥር፣ "ልዩ ልዩ" የሚባለው በር።
በዚያ የወጣ ብር ተመልሶ አይገባም፤
ደረሰኝ አይዝም፤ "የት ዋልክ?" አይባልም።

አባቶች "ደጅ ጥናት" ይሉት ነበር ድሮ፤
ባለጉዳይ በዝናብ ከአጥር ሥር አድሮ፣
ማሩን በገንቦ፣ ሙክቱን በገመድ አስከትሎ፣
"ይድረስልኝ ጌታዬ፣ አቤት! አቤት!" ብሎ።
ዛሬ ደጁ ሊፍት አለው፤ ማሩም በፖስታ ነው፤
የደጅ ጠኚውም "አማካሪ" ይላል መታወቂያው።

የእኛው ፍሬሰንበት ይባላል። ሰኞ በማለዳ
አውሮፕላን ይሳፈራል፣ ካርቶን ማንጎ ይዞ፣ እንደ ዘመድ እንግዳ፤
ለሚስቶቻቸው ስፌት፣ ለልጆቹ ሐላዋ፣
"ያገር ቤት ነገር ነው" እያለ "ከድሬዳዋ"።
ሐሙስ ይመለሳል። ጠረጴዛዬ ላይ የሚጥለው
ብጣሽ ወረቀት ነው፦ እራት፣ ለስምንት ሰው።
ሌላ እራት። የዐውደ ጥናት ስፖንሰር።
የጉብኝት አበል። የጥናት ክፍያ ለአንድ ዶክተር።
ጥናቱን አይቼዋለሁ፤ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤
"አቧራው የበረሃ ነው" ይላል፣ መደምደሚያው።

የፈለግነው ምን ነበር? ረቂቁ መመሪያ
"እያንዳንዱ ጭስ ማውጫ ይግጠም" ይል ነበር "ማጣሪያ"፤
በስድስት ወር ውስጥ። ቁርጥ ያለ፣ ደረቅ አማርኛ።
ሁለት ዓመት ደጅ ጠናን። ጸድቆ ሲመጣ ወደ እኛ
"እንደ አስፈላጊነቱ" የሚል ገብቶበታል፤
ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ማኅተሙም ያምራል።

አሥር ፊደል ነው። ቆጠርኩት በጣቴ።
ስድሳ አንድ ቁጥርን ደመርኩ፣ ማታ፣ እቤቴ፤
አራት ሚሊዮን ብር፤ ለአሥር ሲካፈል
አራት መቶ ሺህ ነው ዋጋዋ የአንዷ ፊደል።
የመጨረሻዋ "ቱ"፣ እሷ ብቻ ብትቀር፣
የምድጃ ክፍሉን ሁሉ ጭምብል ታለብስ ነበር።

ሙሜ አልዪ መጥቶ ነበር በጥቅምት፣
ጭምብል ሊጠይቅ፣ ቆሞ ከጠረጴዛዬ ፊት።
"በጀት የለም" አልኩት። የጻፍኩትም እኔው ነኝ።
ተነሥቼ ወንበር ሳቀርብለት፣ ሳቀብኝ፦
"አቦ ተቀመጪ! ሽበት መሰለሽ እንዴ?
ሲሚንቶ ነው! ሠላሳ አራቴ ነው፤ ገና ጉልበት አለው ክንዴ!"
ሳቁ ሳል ሆነበት፤ አልጨረሰውም።
እሱ ወጣ እንጂ ሳሉ አልወጣም።

"ጉቦ አይደለም" ይላል ሥራ አስኪያጁ፣ ሲቆጣ፤
"ማስረዳት ነው፤ ሹም ካልተነገረው ከየት ያውቃል የእኛን ጣጣ?"
ልክ ሳይሆን አይቀርም። ግን የሙሜን ሳል
የሚያስረዳ እራት በስንት ይዘጋጃል?

ትናንት የወር መጨረሻ ነበር። የምስጋና ደብዳቤ።
"ስላደረጉልን ትብብር" ልል ተቀመጥኩ አስቤ፤
"ክቡርነትዎ" ስል ቆመብኝ እጄ።
"ዎ"ን አጥፍቼ "ህ" አደረግኳት፦ "ክቡርነትህ፣ ወዳጄ፣
ድሬ መጥተህ ታውቃለህ? ከሰዓት፣ ነፋሱ ሲያገሣ?
ያጠብነው አንሶላ እንደ ግድግዳ ጠጥሮ ከገመዱ ሲነሣ?"

አንብቤ ቀደድኩት። ሁለት ልጅ አስተምራለሁ።
"ዎ"ዋን መልሼ ጻፍኳት፤ ይኸው፣ አለሁ።

ወረቀቱን ሳጥፍ ግን፣ ጠረጴዛዬን ከለበሰው አቧራ
ቁንጥር ያህል ገባ እጥፋቱ ውስጥ፣ ከማዕረጉ ጋራ።
አላራገፍኩትም። ፖስታውን በምራቄ አሸግኩ።
ስድሳ አንድ ቁጥር ላይ ምንም አልመዘገብኩ።