ፍሬንን ማን ያመሰግናል

ከሒሳብ ደብተሯ ከኋለኛው ገጽ ላይ
ስምንት ስም ጽፋለች፣ በእርሳስ፣ እንዳላይ።
ጽፋ ታጠፋለች፣ አጥፍታ ትጽፋለች፤
በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሦስት ላጲስ ጨርሳለች።
ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ፣
ለአውቶቡስ ሾፌር አፍ አጠራሩ የሚከብድ።

ገንዘቡ የራሷ ነው። ጠዋት ጠዋት ተነሥታ፣
ወተትና ቸኮሌት አማስላ፣ አፍልታ፣
ብሪጋዴይሮ ጠቅልላ፣ በሁለት ሪያል ሸጣ፣
አንዷን ሰርቄ ብበላ ዋጋዋን ከእኔም ቆርጣ።
ታይናራ ልጄ የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው፦
«ቅዳሜ አብረኸኝ ና፤ ሌባ አለ፤ ዕቃውም ከባድ ነው።»

ሄድን ሳንታ ኢፊጄኒያ፣ ሳኦ ፓውሎ መሀል፤
ኬብል እንደ ሐረግ ከጣሪያ ይወርዳል፣
ሻጩ ከመኪናው ጥሩምባ በላይ ይጮኻል።
አንድ ጎረምሳ ነው መንገድ የዘጋብን፣
የመስታወት ኬዙን ሰክቶ ያበራብን።
«ተመልከች እህቴ፣ የቀለሙን ዓለም፣
እንዲህ ያለ ኬዝ በመንገዱ የለም!»
ፋኑ ሐምራዊ ሆነ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣
የልጄ ፊት አብሮት ስንት መልክ በአንዴ።

ዋጋውን ጠየቀች። ደብተሯን ገለጠች።
እርሳሷን ከጆሮዋ ቀስ ብላ መዘዘች።
መብራቱ ቢገዛ ከየት ሊቀነስ ነው?
ከፓወር ሰፕላዩ፣ ከሥር ከሚተኛው።
«ርካሹን ብወስድስ? ማን ከፍቶ ሊያየው?»

ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤
ስለ ወንበሩ ስድብ፣ ስለ ሙቀቱ እርግማን፣ ሁሉን ጠጥቻለሁ።
እስካሁን ግን ሰው የለም ከደረጃው ሲወርድ
«ፍሬንህ ይባረክ» ያለኝ፣ እንኳን ሁለት አንድ።
ፍሬንን ማን ያመሰግናል? ስሙ የሚነሳ
እምቢ ያለ ዕለት ነው፣ ሲለቀም ሬሳ።
ይህን ልላት ብዬ አፌን ከፈትኩና
ዋጥኩት።
የአሥራ አንድ ወር ጣፋጭ የእኔ አይደለምና።

እሷ ግን ደብተሯን ጧ አርጋ ዘጋች።
«ኬዝ ያው ቆርቆሮ ነው፤ ግራጫውን» አለች፤
«ፓወሩን ግን ከደህናው፤ ርካሹ ሲነድ
ብቻውን አይሞትም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄድ።»
ጎረምሳው መብራቱን ቅር እያለው አጠፋ።
እኔም አሳልኩ፤ በሳቄ እንዳይከፋ።

ራም ሁለት ነበር በዝርዝሩ፤ አንድ ወሰደች።
«ቀዳዳው ይጠብቃል፤ ልደቴ ሐምሌ ነው» አለች፣
ለሌላ ሰው የምታወራ መስላ፣ ዓይኗን ከእኔ አሽሽታ።
ሰምቻለሁ። ሐምሌ።
ሾፌር አይስትም ፌርማታ።

ለግራፊክስ ካርዱ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን፣ ሊፍት የለ፤
ዶና ኔይዴ፣ የመነጽሯ እግር በሽቦ የተጠቀለለ፣
ያገለገለ ካርድ እንደ ዳቦ ደርድራ፣
«ስክሪንሽ ስንት ኢንች ነው?» አለች፣ ስለ ዋጋ ሳታወራ።
«ሃያ። የአክስቴ ነበር።»
«እንግዲያ ትልቁ ይቅር፤
ለሁለት ሰው እራት በሬ መጣል ነውር።»
ትንሹ የኢንተርኔት ካፌ ሲጋራ ይሸታል፤
ሰክታ አሳየችን፤ ፋኑ ይሽከረከራል።
ልጄ ሠላሳ ሪያል አስቀንሳ፣ በዚያው ሠላሳ
ሮጣ የፕሮሰሰር ቅባት ገዛች፣ እንዳትረሳ።

ሌሊት። የራት ጠረጴዛ። ቅባቱ ሽምብራ ያህል።
ብሎን ወደቀብን፤ በጉልበት ዳኸን ከወንበሮቹ መሀል።
ከዚያ ተጫነችው።
ዝም።
ደግማ ተጫነችው።
ዝም አለ። ልጄም ዝም።
እኔ፣ ስሙን እንኳ በወጉ የማልጠራ፣
ከጋራዥ ሳልወጣ ሁልጊዜ እንደምሠራ
ዞርኩ ወደ ኋላው፤ በጣቴ ዳሰስኩ፤
ከፓወሩ ጀርባ አንዲት ጥቁር ምላስ፣ የተኛች፣ ቀሰቀስኩ።
ቀጭ።
ፋኑ ተነፈሰ።

ሲጫን፣ ሲወርድ ነጋ። እሑድ፣ የዕረፍቴ ቀን።
«አንተ ቅደም» አለች፣ «አውቶቡስ አለ እዚህ ውስጥ።»
በማላውቀው ከተማ፣ በዝናብ፣ ያለ ደመወዝ ነዳሁ።
ፍሬቻ አሳየሁ።
ፌርማታው ጋ ስደርስ ፍሬኑ እሺ አለ።
«አባዬ፣ ምን ትቆማለህ? ሰው እኮ የለ!»
አውቃለሁ።
በሩን ከፈትኩ። ትንሽ ጠበቅኩ።