ያልተጠቀመ ቀዳዳ

ከሙዚየም መጡ፣ ሁለት ወጣት ልጆች፣
ነጭ ጓንት ያጠለቁ ለስላሳ እጆች።
የካቲት ነው፤ ሚልዋኪ፤ ሐይቁ በረዶ ለብሷል፤
የቤቴ ማሞቂያ እንደ ሽማግሌ ያስላል።
የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩላቸው፤
መቶ አሥራ ሰባት ናቸው፣
የወንድሜ የካዝ ፒኖች፣ በደረቱ የተናገረባቸው።

ልጅቷ አንዱን አንስታ፦ «ይኼን ማን ነው የሠራው?»
ኦዴል ነዋ ልጄ፣ ማተሚያ ቤት ያረጀው፣
ቀለም ከጥፍሩ ሥር እስኪሞት ያልለቀቀው።
ከልብስ ማጠቢያው ሥር፣ አምፖል ወደ እጁ ስቦ፣
ክብ ወረቀት ቆርጦ፣ ፕላስቲክ ደርቦ፣
ከጀርባው ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ሽቦ፤
እጀታውን ሲጫን ቀጭ! ይላል ብረቱ፣
አንድ ቃል ይወጣል፣ እንደ ሳንቲም ክብ ፊቱ።
አንዳንዴ ይጣመማል፤ «ነፃነት» የሚለው
«ነፃነ» ላይ ተቆርጦ፣ ቀሪውን ጠርዝ ሲውጠው፣
«ይኼስ ለእኔ ይሁን» ብሎ ኪሱ ከተተው።

ቁልፍ ይሉታል እንጂ፣ ኮት አልዘጋም ከቶ፤
የሰው አፍ ነበረ የሚያስቀር ከፍቶ።

ሮዟ ሦስት ማዕዘን? እሷንስ በመጽሐፍ አይተሻት ይሆናል፤
በናዚ እስር ቤት የሰው ደረት ላይ ተሰፍታ ነበር።
ሌላ ሰው የሰፋብህን በራስህ እጅ ስትሰካው
ክብደቱ ይለያል፣ ይል ነበር ካዝ።
ብዙ አይናገርም፤ ይኼን ግን ሦስቴ ሰምቼዋለሁ።

ቆዳ ፋብሪካ ነበር ካዝ የሚሠራው፤
ስድስት ቀን ሙሉ ሽታው የማይለቀው።
ጠዋት አውቶቡስ ላይ፣ ከኮሌታው በታች
ፒኗ ተገልብጣ ትሰካለች፤
ቃሏ ወደ ልቡ፣ ለሰው መርፌዋ ብቻ ትታያለች።
ቅዳሜ ማታ ግን ኮሌታው ይዞራል፤
ሆድ ይፍጀው ያለውን ደረት ይናገራል።
በዚያች መጠጥ ቤት፣ ወንድ ወንድ አቅፎ ሲደንስ፣
ፒን ከፒን ይጋጫል፣ እንደ ትንሽ ቃጭል።

አንድ የፋሲካ እሁድ፣
ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ፣
እማዬ ከታክሲ ሳትወርድ፣
«እናቴ ታውቃለች» የምትለዋን ሰክቶ መጣ።
አታውቅም ነበር።
ወይም እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው።
«አውልቀው» አልኩት።
እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም።
ምንም አልመለሰም፤
አወለቀና መዳፌ ላይ አኖራት፤ ገና ትሞቅ ነበር።
ቀዳዳዋ ግን ኮቱ ላይ ቀረች፣
ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፤
ቅዳሴው እስኪያልቅ ሌላ ነገር አላየሁም።

በሰማንያ ሰባት፣ ሆስፒታል ሲተኛ፣
ምግቡን በር ላይ ጥላ ስትሸሽ ተረኛ፣
የሕሙማን ቀሚስ ስስ ነው፣ ፒን ቢሰኩት ይቀደዳል፤
ኦዴል ትራሱ ላይ ሰካለት።
«አዎ፣ ነኝ» ትላለች። ይቻትልሽ፤ ጠርዟ ዝጓል።

«ኮቱስ?» አለችኝ።
ኮቱ አይሄድም አልኩ፤ ግን አወጣሁላት።
መስኮቱ ዘንድ ወስዳ በጓንቷ ዳሰሰችው፤
ግራ ደረቱ ወንፊት ነው፤
በየቀዳዳው የሐይቁ ነጭ ብርሃን ይገባል።
«ክርኑ ላይ ያለው ስፌት ያምራል፤ መጠቀሙም አያስታውቅ። የማን እጅ ነው?»
የእማዬ። በየመስከረሙ «አምጣው» ትለው ነበር፤
ክርኑን፣ ኪሱን፣ ገበሩን፣ የብብቱን ስንጥቅ፣
የተቀደደ ነገር አይታ የማታልፍ ሴት።

ልጅቷ ኮቱን አገላበጠች።
«ታዲያ» አለች፣ «እነዚህን ለምን ተወቻቸው?»

ማሞቂያው ሁለት ጊዜ አሳለ።
እጄን ወደ ቆርቆሮው ሰድጄ
ያቺን ፈለግኳት፤
አውራ ጣቴን ወጋችኝ፤
መነጽሬን ሳልፈልግ አነበብኳት።