ቀለም የገባው እጅ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከጨው ተራ ጀርባ፣
አንድ የፍየል ሌጦ ገዛሁ
ዋጋ ሳልከራከር፣ ከሻጩ ሳልግባባ።
"ለከበሮ ነው?" አለኝ። "ለቦርሳ ነው" አልኩት።
ጋቢውን ወደ አፉ ሲስብ፣ ሳቁን አየሁበት።

እኔ ሥራዬ ባንክ ነው፣ ፒያሳ፣ ሦስተኛው መስኮት ሥር፤
የሰው ብር ስቆጥር ውዬ ሳድር፣
አርባ ሁለት ዓመት ቆዳ ውስጥ ስኖር፣
ቆዳ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አያ አዛናው ቤቱ ከቀሃ ማዶ ነው።
በጉብዝናው ጊዜ ለዳዊት ማኅደር ሰፍቷል፣ ደጉሷል፤
አሁን ዓይኑ ደመና አርግዟል፣
ቆዳን በጣት እንጂ በዓይን አያነብም።
"ምን ፈለግሽ?" "ልማር።"
"ለእንጀራ?" "አይ፣ እንዲሁ። ደስ ስለሚለኝ።"
ዝም አለ። ይህን ቃል ከቆዳ ጋር አብሮ
ሰምቶት አያውቅም ነበር።
"ደስ ስለሚለኝ" … እንደ እንግዳ ሳንቲም
መዳፉ ላይ አገላበጠው።

እምቧይ ቀጥቅጬ፣ ጸጉሩን ልጬ፣
እንደ ጉድ እየሸተትኩ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣
ስፍቅ፣ ሳሽ፣ የጉሎ ዘይት ስቀባ
ሦስት እሑድ አለፈ።
ሌጦው አልለፋም፤ እኔ ግን ለፋሁ።
"እኩል መልፋት አለባችሁ" አለኝ አያ አዛናው፤
"አንዱ ቀድሞ ከለፋ፣ ሌላው ይቀደዳል።"

እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች፣
በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ።
"ባንክ ያስገባሁሽ ፋቂ እንድትሆኚ ነው?"
ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።
ጎረቤቴማ ሰምታ ከርማለች፤
በደጄ ስታልፍ የልጇን ፊት ትሸፍናለች።
ምን ልበላት?
በልጅነቴ አንገቴ ላይ ያሰረችውን ክታብ
የማን እጅ ሰፋው?
የአገልግሏን ልባስ፣ የአልጋዋን ጠፍር፣
የማን እጅ?
አልጠየቅኳትም። ወንበር አወጣሁላት።

ከዚያ ቀለሙ መጣ።
ለቀዩ መቅመቆ ቀቅዬ ድስቴን አበላሸሁ፤
የወጣው ግን ቀይ አይደለም፣ ያደረ ሻይ ነው።
ለጥቁሩ የዛገ ምስማር በኮምጣጤ ዘፍዝፌ
ሰባት ቀን ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁት፣
ጠጅ እንደጣለች ሴት ሌሊት እየተነሣሁ ላሸተው።
ስቀባው መጀመሪያ ምንም፤ ውሃ ነው።
ቀጥሎ፣ እንደ ጎንደር ሰማይ በሐምሌ፣
ከዳር እስከ ዳር ጠቆረ!
ጮኽኩ። ብቻዬን፣ በረንዳ ላይ፣ ጮኽኩ።
እጄም አብሮ ጠቁሯል። ጓንት ያልገዛሁ ሞኝ።

ሰኞ ጠዋት ብር ስቆጥር
ደንበኛው ጣቶቼን እንጂ ብሩን አላየም።
"እህቴ፣ እጅሽ ምን ሆነ?"
"ቀለም ነው።" "የምን?" "የፍየል።"
ብሩን ሁለቴ ቆጠረብኝ።

ቦርሳዋን ሰፋሁ። ሠላሳ አራት ስፌት፤
አሥራ አንዱ ወደ አዘዞ እንደሚበር ባጃጅ ይወላገዳል።
ክዳኗ ያዘነብላል። ማንገቻዋ ረዝሟል።
ከሁሉ ያናደደኝ ግን፣ ልክ ፊት ለፊቷ ላይ
አንድ ጭረት አለ፣ ከሌላው ይበልጥ የጠቆረ፤
እሾህ ይሁን አለንጋ፣ ፍየሏን በሕይወት ሳለች ያገኛት።
ብቀባው፣ ብፈትገው፣ አልጠፋ አለ።

አያ አዛናው በአውራ ጣቱ ዳሰሳት፤
ስፌቱ ላይ ዝም፣ ክዳኑ ላይ ዝም፣
ጭረቱ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።
"ቀለም ቁስል ይወዳል" አለ።
"ጤነኛው ቆዳ ይጠጣል፣ ይረሳል፤
የቆሰለው ይዞ ይቀራል።
ይህን ወደ ውስጥ ገልብጠሽው ቢሆን እቆጣሽ ነበር።"
ከዚያ ስለ ስፌቱ ተቆጣኝ። ረጅም ቁጣ።

ቦርሳዋ አሁን ከቤቴ በር ኋላ ተንጠልጥላለች።
እናቴ ባለፈው ስትመጣ፣ ያላየኋት መስሏት፣
ከፍታ አሸተተቻት፤
ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።
"ይቺ ማንገቻ ትረዝማለች" አለች።
"አሳጥራታለሁ" አልኩ።
ወስፌውን ፈለግሁ።