ከቡፌ ላይ ወርዳ

ያቺን ነጭ ሳጥን
ዋይፋይ የሚሏትን
መኮያ አክብራ
ቡፌው ላይ አኖረች፣ ዳንቴል ደራርባ፣ እንደ ሙሽራ።
ከኋላ መስተዋት፣ ከፊት ብርጭቆ፣
ከጎን የእንግዳ ሰሃን በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ለዓመት በዓል ተደብቆ።
እሷ ግን ከዳንቴሉ ስር
አረንጓዴ ዓይኗን ስታርገበግብ ታድር ነበር።

ጦይባ ከኋላ ክፍል
የማታ ትምህርት አላት፤ የመምህሯ ድምፅ ግማሹ ሲደርስ ግማሹ ሲጎድል፣
አፉን እንደ ከፈተ ፊቱ ደርቆ ሲቀር፣
"ሰማሽኝ?" ሲላት፣ "አዎ" ስትል፣ "አዎ"ዋ ሳይሻገር፣
ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ስልኳን ወደ ሰማይ ይዛ
ግቢ ትቆማለች፣ የጦሳ ጉም ወርዶ ፀጉሯን አርሶ በጤዛ።

የደሴ ብርድ ነው እንግዲህ፣ ያውም የጥቅምት።
ባለሙያ ጠራን፤ ቆሞ አየና፣ "ፓኬጁን አሳድጉ" ብሎ ወጣ በቅጽበት።

እኔ የይመር ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመት በኤንትሬ አሰብ የተመላለስሁ፣
ሞተር ከመግዛት በፊት ማጣሪያ አራግፎ ማየት የለመድሁ፣
ቤቴን ዞርሁት፤
ስልክ በእጄ፣ ዘንጎቹን እየቆጠርሁ፣ በእርምጃ ለካሁት።

ሳሎን አራት ዘንግ።
ጓዳው በር ሁለት። ከጦይባ አልጋ ጥግ
አንዲት ብቻ፣ እሷም የምትጠፋ፣
እንደሚያንጎላጅ ዘበኛ አንዴ ቀና፣ አንዴ ደፋ።

መንገዷን አየሁት።
መሀል ግድግዳው የአባቴ ሥራ ነው፣ ድንጋይና ጭቃ፣ ክንድ ከስንዝር ውፍረት፤
ከግድግዳው ወዲህ በርሜል፣ በፈረቃ ውሃ የሚሞላ፣
ፍሪጁ አጠገቡ፣ የብረት ቁም ሳጥን ከፍሪጁ ኋላ።
ታዲያ ምን ታድርግ?
የወደድነውን ዕቃ ሁሉ መንገዷ ላይ ደርድረን ድምጿን ስንፈልግ።
ኩራዝ ብትሆን ኖሮ፣ ጥግ ወሽቀናት፣ ዳንቴል ደርበንባት፣
"ጓዳው ጨለመ" ብለን ባልተቆጣናት።

"መኮያ፣ ትነሳ" ብዬ ብጠይቃት
"እንደ አሮጌ ኮፍያህ ሚስማር ላይ ልትሰቅላት?"
አዎ። ልክ እንደ ኮፍያዬ።

ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ሌሊት
ጦይባ ግቢ ቆማ ስታስል ሰማቻት፤
ምንም አልተናገረች፤ ዳንቴሉን ገፈፈች።
ሳጥኗ ከስሩ፣ እንቁላል እንደ ታቀፈች ዶሮ፣ ትሞቅ ነበረች።

ኮሪደሩ መሀል፣ ከውጭው በር ትይዩ፣ ከፍ ብሎ በላይ
ሚስማር አለ፤ የሾፌርነት ኮፍያዬ ያለ ሥራ የሚታይ።
ኮፍያዬን አወረድሁ፤
ሳጥኗን ሰቀልሁ፤
አንዱን ጆሮዋን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ጎን አዞርሁ፣
ድሮ በሎጊያ በረሃ፣ ሬዲዮ ፍለጋ፣ ሽቦ እንደ ወጠርሁ።

"አባ! መምህሩ አፉን ዘጋ!"
ሦስት ዘንግ ሙሉ እስከ አልጋዋ ተዘረጋ።

ይኸው፣ በቃ፣ ብዬ ነበር።
በነጋታው ማምሻ በር ልዘጋ ብወጣ፣ ካጥሩ ስር
ያ ድንጋይ ባዶ ነው፤
አራጋው፣ የጎረቤት ልጅ፣ በየምሽቱ ቁጭ የሚለው።
"ኮረዳ ነው የሚጠብቅ" ስል ኖሬ፣ ለካ
መስተዋቱ መልሶት፣ በመስኮት የወጣው የኛው ሞገድ ነው ስልኩ ላይ ሲፈካ።
ዛሬ ግን ቆሟል፣ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ፣
ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እንደ ጦይባ፣ በዚያው ጉም ውስጥ ገብቶ።

"የድሮ ፈተና ላወርድ ነበር" አለኝ፣ አንገቱን ሰብሮ።
"የይለፍ ቃሉን ማን ሰጠህ?"
ዝም።
ከዚያ፣ "እትዬ መኮያ፣ ካምና ጀምሮ።"

ገባሁ። መኮያ ሽንኩርት ትከትፋለች።
ቀና ሳትል፣ "በሩን አትዝጋው" አለች።

እንግዲህ ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት በሩ ገርበብ ይላል፤
ኮፍያዬን አጥልቄ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ፤
ብርዱ ይገባል፣ ሞገዱ ይወጣል።
ዳንቴሉ ቡፌው ላይ ባዶውን ተነጥፏል።
ድንጋዩ ድረስ ሄጄ ለካሁ፦
ሁለት ዘንግ ይደርሳል።