ወደ ለገሃር ስንት ነው?

ስልሳ ስድስት ዓመቴ፤ ገና ዛሬ በረርኩ፤
ከአርባ ምንጭ ተነሥቼ ቦሌ ላይ አረፍኩ።
በግራዬ ፌስታል ሙዝ፣ በቀኜ ሻንጣና ጃኬት፣
ኪሴ ውስጥ፣ «ወገብህን አባዬ» ብላ
ማስተዋል ልጄ የቆረጠችው ቲኬት።
የመስታወቱ በር ተከፍቶ ሲተፋኝ
ያ የማውቀው ጩኸት መጥቶ አቀፈኝ፤
«አባባ፣ ታክሲ ነው? ይስጡኝ ሻንጣውን፤
በዋጋ አንጣላም፤ ይንገሩኝ ቦታውን።»

በዋጋ አንጣላም!
ይቺን ቃል እኮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤
እዚሁ ደጃፍ ላይ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት፣
ለስንቱ መንገደኛ ፈገግ ብዬ ያቀበልኳት።
ሰማያዊ ላዳ ነበረችኝ፣ ጣሪያዋ ነጭ፣
ዳገት ላይ የምታስል፣ ቁልቁለት ላይ የምታፏጭ፤
ዓምና ለብረት ነጋዴ በኪሎ አስረከብኳት፤
ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ዞር አልኩ፣ አላየኋት።

እንግዲህ ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ። ላማርጥ።

ስም የተጻፈበት ወረቀት የያዙ ተደርድረዋል፤
የሆቴል መኪና ነው፣ በነጻ ይወስዳል።
አንድ በአንድ አነበብኳቸው።
የእኔ ስም አለ ብዬ አይደለም፤ ግን ሰው ምን ያውቃል።

አጠገቤ ያለች ልጅ ስልኳን በጣቷ ዳሰሰች፤
«ሦስት ደቂቃ ቀረው፤ ዋጋውም ይኸው» አለች።
የእኔ ስልክ ቁልፍ እንጂ መስታወት የለው፤
ደግሞስ ክርክር የሌለው ዋጋ
ሰላምታ እንደሌለው ቤት ነው።

ወደ አስፋልቱ ብወርድ ሚኒባስ አለ፤
«ስታዲየም፣ ለገሃር! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ።
(አንድ ሲል አራት ነው።)
ሻንጣዬን አይቶ ረዳቱ «የሁለት ሰው ይክፈሉ» ይለኛል፤
ጉልበቴ ደግሞ አንዴ ከታጠፈ መዘርጋት ይረሳል።

ጥግ ላይ፣ ከቢጫዎቹ ኋላ፣
አንዲት ላዳ አየሁ፤ መከላከያዋ በሽቦ የታሰረ፣
ሾፌሯ ከልጄ የሚያንስ፣ ኮፍያው የዞረ።
«ለገሃር ስንት ነው?»
«ስምንት መቶ፣ ለእርስዎ ሲሆን።»
«ለእኔ ሲሆንማ አራት መቶ ይሁን።»
«ኧረ አባባ፣ ነዳጅ የት እንደደረሰ አልሰሙም?»
ሰምቻለሁ። በሊትር ሁለት ብር ሳለም
ይህንኑ ነበር የምለው፤ ያመነኝ ግን የለም።

ሻንጣዬን አነሣሁ። አንድ እርምጃ። ሁለት።
በእኔ ጊዜ ተሳፋሪን በሦስተኛው ነበር የሚጠሩት፤
ይህ ልጅ እስከ አራተኛው ድረስ አስጠበቀኝ፤
እንዲህ ያለ ልበ ሙሉነት አስቀናኝ።
«አምስት መቶ ሃምሳ!»
«ይሁን።»

ሙዜን ጭኔ ላይ አቅፌ ከኋላ ተቀመጥኩ።
ለካ ከኋላ ሲያዩት ከተማው የሾፌር ማጅራት ነው።
ዕድሜዬን በመስታወት የሰው ፊት ሳይ ኖሬ
አንድ የማላውቀው ሽማግሌ አየኝ ዛሬ።
ወሎ ሰፈር ላይ ቀኝ እግሬ ፍሬን ረገጠ፤
ፍሬን የለም፤ ምንጣፉ ብቻ ሰመጠ።
ኦሎምፒያ ላይ ልጁ ያለ ፍሬቻ መስመር ቀየረ፤
«ፍሬቻ!» የሚል ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
መስቀል አደባባይን፣ ስታዲየምን አልፈን
ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ቆምን።

ስድስት መቶ ሰጠሁት።
ኪሱን ዳበስ ዳበስ አደረገ። «አባባ፣ ዝርዝር የለኝም።»
ይቺንም አውቃታለሁ፤ ደግሞም አልተከፋሁም።
ሃምሳዋ ከፀሐይ መከለያው ጀርባ አለች፤
የእኔም እዚያው ነበር ታጥፋ የኖረች።

ወረድኩ።
የላዳ በር ቢወረውሩት አይዘጋም፤
በመዳፍ ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ገፋ ነው፤
ይህን ደግሞ መንገደኛ አያውቅም።
ከፍ አደረግኩት፣ ገፋሁት፤ ቀጭ አለ።
ልጁ ዞሮ አየኝ፤ በሩን አየ፤
ምንም አላለ።

ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወደ ሰፈሬ
አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሁለት።

ሦስተኛው ላይ ጠራኝ።