እቤት ነሽ አይደል?

ከጠዋቱ ሁለት ተኩል፣ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ላይ፣
ጉሙ ገና ከቆርቆሮው ሳይለይ፣
ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆልፌ፣
ከወገብ በታች ግን ሁለት ሱሪ ደርቤ፣ ጋቢ ታቅፌ፣
ሥራ ገባሁ። ከአልጋ እስከ ጠረጴዛ አራት እርምጃ ነው መንገዴ፤
እሱንም ቢሆን አርፍጄ አላውቅም፣ አንዴም አንዴ።

በር ተንኳኳ።
እማዋይሽ ናት፣ ልጇን አዝላ መጥታ፤
«እቤት ነሽ አይደል? ገበያ ደርሼ ልመለስ፤
አታስቸግርሽም፣ ወጥታለች በልታ።»
ቀጥሎ አከራዬ፣ ከኋላቸው ቧንቧ ሠሪ፣
«እቤት ነሽ አይደል? በሩን ክፈቺለት፣ ሲጨርስ እኔን ጥሪ።»
ወንድሜማ ይስቅብኛል፦ «ስልክ መጎርጎር ሥራ ሆኖ!
ደመወዝሽን ማን ይቆርጣል፣ የትኛው ጌታ ተለምኖ?»
አልተቆጣሁም። በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፤
«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።
(ልጅቷን ግን ተቀበልኩ። አፍንጫዋን ጠረግኩ።)

የምሸጠው የመንዝ ባና ነው፣ ጥቁርና ዳለቻ፤
የማመጣውም ከሞላሌ፣ ከጋሽ ይፍሩ እጅ ብቻ።
ፎቶውን በመስኮት ብርሃን እንጂ በማሳመሪያ አላነሣም፤
የሚኮሰኩሰውን «ይኮሰኩሳል» ማለት አልረሳም።
ደንበኛ በእኩለ ሌሊት «ሄይ» ቢለኝ፣ «ቆንጆ» ቢለኝ፣
«እንደምን አደሩ፤ ቁመቱ ስንት ይሁንልዎት?»
ነው በጠዋት መልስ የሚሆነኝ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከሐዋሳ አንድ መልእክት መጣ፤
ሰላምታ የሌለው፣ የተቆጣ፦
«ሁለት ሜትር ከሃያ ብለሻል። ለካሁት፤
ሃያው የለም። ሌቦች! ገንዘቤን መልሱት።»

ጣቴ ስድብ አዘጋጀ። የመንዝ ስድብ፣ ስለት ያለው፤
ጽፌው ነበር፤ ሳልልከው
ልጅቷ ጭኔ ላይ አስነጠሳት፣ ስልኩ ከእጄ ወደቀ።
አንዳንዴ የሰው ስም እንዲህ ነው፣ በሕፃን አፍንጫ የተጠበቀ።

ሞላሌ ደወልኩ።
«ልኩማ ያው ነው፣ አምስት ክንድ። ብቻ እኔ ትከሻዬን ታምሜ፣
ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ መለካት አልቻልኩም ቆሜ፤
የሚለካው የልጄ ልጅ ነው፣ አሥራ ሁለት ነው ዓመቱ።»
ዝም አልኩ። አምስት ክንድ ነው፣ በእውነቱ።
ክንዱ ግን የልጅ ነው፣ ገና አላደገም።
ማን ዋሸ ልበል? ማንም አልዋሸም።

ይህን ሁሉ ልጽፍ ነበር፦ የሽማግሌውን ትከሻ፣
የልጁን ክንድ፣ የኔን ብርድ፣ እስከ መጨረሻ።
ተውኩት። የከፈለው ለባና ነው፣ ለታሪክ አይደለም፤
ሃያ ሳንቲሜትር በሐዘኔታ አይሸፈንም።
(ሐዋሳ ባና ምን ያደርጋል? እሱም እኔን አይመለከተኝም።)
«ስህተቱ የኔ ነው። ትክክለኛው ማክሰኞ ይላካል።
የመመለሻውን እኔ እከፍላለሁ።»
ይኸው፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር።
ከነሱ በፊት ያጠፋሁት ግን ስንት ነበር!

ቅዳሜ ሞላሌ ሄድኩ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝቼ፣
መቶ አሥሩ ላይ በቀይ ክር ምልክት አበጅቼ፤
«ሁለቴ ለካ» አልኩት ልጁን፣ አንገቱ ላይ አጥልቄ።
ጋሽ ይፍሩ ሜትሩን በጎሪጥ አዩት፦
«የኔ ክንድ አርባ ዓመት አልዋሸም።»
እውነታቸውን ነው። ግን ክንድ በፖስታ አይላክም።

የተመለሰው ባና የኔ ሆነ። ዛሬ ሌሊት ለበስኩት፤
ራሴን ስሸፍን እግሬ ወጣ፣ እግሬን ስሸፍን ራሴን ገለጥኩት።
የደብረ ብርሃን ብርድ ሜትር አይፈልግም፤
ሃያዋን ሳንቲሜትር አገኛት፣ አንዷንም አልሳተም።
ነገ ሁለት ተኩል። ሸሚዜ ተተኩሶ ተሰቅሏል ከምስማሩ።
እማዋይሽም ታንኳኳለች፣ አውቃለሁ፤
ወረቀቱ እያለ ከበሩ።