ሁለት ተኩል ፈረስ

ሌሊቱን ያካፋው ገና አላባራም፤
የጋሊሲያ ሰማይ ከባሕሩ አልተለየም፣ አልጠራም።
ሞተሮቼን ሁሉ እንደ ሉካንዳ ሥጋ
በሳንቃ ሰቅዬ፣ ገበያተኛ እስኪጠጋ
እጄን በጨርቅ ስጠርግ ሳቤላ መጣች፤
የዝናብ ካፖርቷን በሩ ላይ አራገፈች።
"የጎማ ጀልባ ገዛሁ" አለችኝ፤ "ሞተር የለውም፤
መቅዘፊያውን ደግሞ ትከሻዬ አይችለውም።"

ብራይስ፣ የወንድሟ ልጅ፣ ከኋላዋ ገባ፤
ገና ሳይቀመጥ ከትልቁ ሞተር ጋር በዓይኑ ተግባባ።
"አሥራ አምስት ፈረስ!" አለ፤ "አክስቴ፣ ይሄውልሽ!
አንድ ሲጋራ ሳያልቅ ማዶ የሚጥልሽ።"

ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ሞተር ሊገዙ ሲመጡ
ፈረስ ይቆጥራሉ፣ ጀልባቸውን ሳያዳምጡ።
ወጥቼ ከደረጃው ሥር፣ ጎንበስ ብዬ ጀልባውን
ዳስሼ አነበብኩ ከኋላ ሳንቃው የተለጠፈውን፦
"ጉልበቱ ከስድስት ፈረስ፣ ኪሎው ከሠላሳ እንዳይበልጥ።"
ዘንጉም አጭር ይሁን፤ ረጅሙ ጭቃ ነው የሚቧጥጥ።

"ፈሪ ነው የጻፈው" አለ ብራይስ ስቆ።
እኔ ግን አይቻለሁ፣ ልቡ በፍጥነት ተሰርቆ
አንድ ጎረምሳ ሲበር፣ የጀልባው አፍንጫ ሰማይ ሲወጣ፣
ንፋስ ከሆዱ ሥር ገብቶ በጀርባው ይዞት ሲመጣ።
"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላል ተረቱ፤
ባሕር ላይ ግን ይዋጋል፤ የሚጥለውም ጌታውን ነው፣ ከነኩራቱ።

ከዚያ ባለባትሪውን አሳየኋት፦ ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው፤
ሕፃን አጠገብ ብታስነሺው ከእንቅልፉ የማያነቃው።
"ግን" አልኩ፣ "ባሕሩ ሲሸሽ፣ ውኃው ወደ ውጭ ሲጎትት፣
እኩል መንገድ ላይ ያልቅና፣ ከጎረቤት እንኳ የማትበደሪለት።"

ሳቤላ ዝም ብላለች። ክርክራችንን ሳትሰማ
እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ከሞተሮቹ ፊት ቆማ።
"አንሥቼ ልያቸው?" አለች።
                    ሱቁ ጸጥ አለ።
በሠላሳ ዓመት ንግዴ ይህን የጠየቀኝ የታለ?

አሥራ አምስቱን ነቀነቀችው፤ እሱ አልተነቃነቀም።
ስድስቱን አነሣችው፤ ሦስት ርምጃ፤ አራተኛውን አልዘለቀችም።
ወገቧን ይዛ ቆየችና፦
"ሞተር የሚያነሣው ራሚሮ ነበር፤ እኔ ገመድ ያዢ።
አሁን እሱ የለም፤ ተሸካሚውም እኔ፣ እኔው ነኝ ገዢ።
ደረጃው አሥራ አራት እርከን ነው፣ አረንጓዴ ዝልግልግ የለበሰ፤
ስንት ወንድ አይቻለሁ፣ ሞተር ታቅፎ እዚያ ላይ የፈረሰ።"

ከጥግ፣ ከአቧራ መሀል፣ ትንሿን አወረድኩላት፤
አሥራ ሰባት ኪሎ፣ ባለ አራት ምት፣ የቤንዚን ቋቷ አናቷ ላይ ያላት፤
ሁለት ተኩል ፈረስ።
"ግማሹ ፈረስ" አለ ብራይስ፣ "የፊቱ ነው ወይስ የኋላ?"
"አፍ የሌለው ግማሽ ነው" አለችው፤ "አያወራ፣ ብዙ አይበላ።"

በቀኝ እጇ አንጠለጠለቻት፣ በግራዋ በሩን ከፈተች፤
ዋጋዋን ሳትጠይቀኝ ካፊያው ውስጥ ገባች።
በመስኮት ቆጠርኩላት፤ ሰባት፣ ስምንት... አሥራ አራት። አላረፈችም።
ሳንቃው ላይ ሰክታ አጠበቀቻት፤ ማንንም አልጠራችም።
ገመዱን ሳበች፤ አሳለች። ሳበች፤ አኮረፈች።
በሦስተኛው፣ አፍ የላትም የተባለችው፣ እንደ ስፌት መኪና ለፈለፈች።

ማዶ የዛጎል ማርቢያው መደብ ከጉም ይወጣል፣ ይገባል፤
ከባሕር ዛፍ ግንድ ተጋጥሞ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል።
የብስ ላይ ስሙ ውሸት ነበር፤ እዚህ ግን እውነት ሆነለት፤
ሳቤላም በእግረኛ ፍጥነት ቀስ እያለች ሄደችለት።
"አንድ ሰዓት ይፈጅባታል" አለ ብራይስ።
"ይፍጅባት" አልኩት።

ማክሰኞ መጥታ ከፈለችኝ፤ ግማሹን በዩሮ፣ ግማሹን በዛጎል።
ጆንያውን ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ አሥራ ሰባት ኪሎ፣ ቅንጣት የማይጎል።